«ጸደቀ» የምትሉት የትኛው ነው?

«የዱር እንስሳት አዋጅ ጸደቀ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ከመካነ ሰላም እስከ አጅባር ያለው ሰው ስለ ደንቆሮ ጫካ የተወሰነ ይመስለዋል፤ ቻናሉ ሁሉ ይቀባበለዋል። ረቂቅ ለቋሚ ኮሚቴ መመራቱ፣ ምክር ቤት ድምፅ መስጠቱና በነጋሪት ጋዜጣ መታተሙ ሦስት ለየቅል ነገሮች ናቸው። ይህን እስከ ዛሬ ማስረዳት ራሱ ያሳፍራል፤ ልለፈው። የኔ ክርክር ሌላ ነው፦ እኛ ዘንድ የቀይ ቀበሮውንና የጭላዳውን ዕጣ የሚቆርጠው ወረቀት በአብዛኛው የሚጻፈው ባሕር ዳር ነው፤ እኛ ግን ዓይናችንን አዲስ አበባ ላይ ተክለናል።

1ኛ. ሕገ መንግሥቱ። አንቀጽ 51 የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት ሕግ ማውጣትን ለፌዴራል ይሰጣል፤ አንቀጽ 52 በዚያ ሕግ መሠረት ማስተዳደሩን ለክልል። ሕግ አውጪው አንድ፣ ጫካው ጫፍ ላይ የሚቆመው ሌላ ማለት ነው።

2ኛ. የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999። ይህ አዋጅ ብርቅዬና ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳት ያሉባቸውን፣ ከአንድ ክልል በላይ የሚያካልሉትንም ፓርኮች ወደ ፌዴራል ይወስዳል፤ የቀረው የክልል ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የለም፤ ያሉት አዋቂዎቹም 500 እንደማይሞሉ ነው የሚገመተው። በዚህ ሚዛን ደንቆሮ ጫካን የያዘው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የፌዴራል በሆነ ነበር። ሆኖም በ2001 ዓ.ም. ፓርክ ያደረገው አማራ ክልል ነው፤ የሚያስተዳድረውም ክልሉ። «ብሔራዊ» የሚለው ቅጽል ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሰሜን ተራሮች በፌዴራሉ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ስር ስለሆነ የእኛም እንዲሁ ይመስለናል።

3ኛ ዓሣ ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ 315/1995 ነው፤ አማራ ክልልም የራሱ አለው። ለምን የራሱ እንዳስፈለገው ጣና ላይ ማየት ነው፦ ነጭ ዓሣው ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ሽቅብ ይወጣል፤ መረቡ የሚጠብቀውም ወንዙ አፍ ላይ ነው። በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 2001 በነበሩት አሥር ዓመታት ክምችቱ በሦስት አራተኛ ገደማ ማሽቆልቆሉ በጥናት ተመዝግቧል። በየትኛው ወር፣ በየትኛው ወንዝ አፍ መረብ አይጣል የሚለውን ውሃውን በቅርብ የሚያውቅ ካልወሰነው አዲስ አበባ ላይ አይታይም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የክልሉ ሕግ የሚታተመው «ዝክረ ሕግ» በሚባል ጋዜጣ ነው። ስሙን የሰማ ስንት ሰው አለ? ፓርኩን የሚያዋስነው ገበሬ ድንበሩ የት እንደሆነ፣ ሣር ማጨድ መቼ እንደሚፈቀድ፣ ከብቱ ቢገባ ምን እንደሚደርስበት የሚነግረው ደንብ እጁ ላይ የለም። በ541 ግን ያለ ፈቃድ ያደነ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት፣ አለበለዚያም በሁለቱም እንዲቀጣ ተደንግጓል። ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም ይባላል፤ መልካም፣ ሕጉን ያለማድረስስ ማንን ያስጠይቃል? ጫካው ደንቆሮ ቢባልም መረጃ የተነፈግነው እኛ ነን። መዋቅር በተለወጠ ቁጥር ደግሞ የዱር እንስሳት ጉዳይ እንደ ማደጎ ልጅ ከቤት ቤት ይዞራል፤ በፌዴራል ደረጃ እንኳ ከግብርና ወደ ባህልና ቱሪዝም ሄዷል። አዲሱ ቢሮ ታፔላውን እስኪሰቅል የአሮጌው ፋይል የት እንደገባ የሚያውቅ አይገኝም።

«አባቶቻችን ያለ አዋጅ ጠብቀውት የለም ወይ?» ትሉኛላችሁ። መንዝ ጓሳን እንውሰድ። ቄሮ የሚባለው የአካባቢው ባህላዊ ሥርዓት ጓሳውን ለዓመታት ዘግቶ፣ በተወሰነ ጊዜ ከፍቶ፣ ለዘመናት አቆይቶታል። ያፈረሰውስ? የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው፤ የርስቱን መሠረት ሲነቅለው ቄሮውም አብሮ ወደቀ። ኋላም ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆኖ የቆመው በክልል ሕግ እውቅና አግኝቶ ነው። የጓሳ ታሪክ እንግዲህ ሕግ አያስፈልግም ለሚል ምስክር አይሆንም።

«የተራበ ገበሬ ፊት ስለ ቀበሮ ታወራላችሁ» የሚለው የበለጠ ይከብዳል፤ እውነትም አለበት። ግጦሽ ያጣ ሰው ዝም ይበል የሚል ሕግ ግን የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው በግልጽ አስፍሯል። ያንን መብት መጠቀም የሚቻለው ረቂቁ ረቂቅ ሳለ ነው፤ ዝክረ ሕግ ላይ ከታተመ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ማስታወቂያ ነው።

ሌላም አለ፣ ከቁጥሩ ውጭ። ቀይ ቀበሮን በብዛት የሚፈጀው ጠመንጃ አይደለም። ባሌ ላይ ደጋግሞ የጨረሰው ከገበሬው ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው የክልሉ ምክር ቤት ጉባኤ ሲከፈት የአደን ቅጣቱን ብቻ አትፈልጉ፤ በጀቱን ገልጣችሁ በፓርኩ ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች የውሻ ክትባት በየትኛው ቢሮ ስር እንደተያዘ፣ ጨርሶ ተይዞ እንደሆነም እዩ።