ከተማይቱ ያስገኘችው ሕዝብ

አንድን ሕዝብ ሕዝብ የሚያሰኘው ምንድን ነው? የዘር ሐረግ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኛ ግን በፓኪስታን አገር በፔሻዋር ከተማ የሚኖሩትን የሂንድኮ ተናጋሪዎች ታሪክ ስንመረምር ይህ መልስ እንደማይበቃ ተረድተናል።

ፔሻዋር ከካይበር መተላለፊያ አጠገብ፣ ወደ ካቡል በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ጥንታዊት የንግድ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው አገር የፓሽቱኖች ነው፤ እነርሱም በነገድና በጎሣ ይታወቃሉ፤ ቋንቋቸው ፓሽቶ ከፋርስኛ ጋር ይዛመዳል። በቅጥሩ ውስጥ ይኖር የነበረው ነጋዴና የእጅ ባለሙያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ለፑንጃብኛ የሚቀርበውን ሂንድኮን ነበር። ከእነዚህ ከተሜዎች አንዳንዶቹ አባቶቻችን ከካሽሚር መጡ ይላሉ፤ ሌሎቹም ከፋርስ ወይም ከመካከለኛው እስያ። እንግዲህ አንድ ያደረጋቸው ሰፈሩ፣ ገበያውና ቋንቋው ነው።

ሃይማኖትም ቢሆን ቋንቋቸውን አልለየውም። «ቂሳ ኽዋኒ» በሚባለው፣ ማለት በተረት ነጋሪዎች ገበያ አካባቢ፣ የሙስሊሙ የፍራፍሬ ነጋዴ ልጅ ዲሊፕ ኩማር በ1922፣ ከሂንዱ ቤተሰብ የተገኘው ራጅ ካፑር ደግሞ በ1924 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተወለዱ። ሁለቱም ኋላ በሕንድ ሲኒማ ስመ ጥር ሆኑ፤ የሁለቱም ቤት ቋንቋ ሂንድኮ ነበር።

ይሁንና ከተማ ይለወጣል። በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ሂንዱዎቹና ሲኮቹ በብዛት ወደ ሕንድ ሄዱ። ከ1979 የሶቪየት ወረራ በኋላም ከአፍጋኒስታን የሸሸ ብዙ ሕዝብ ፔሻዋር ገባ። በ1998 የሕዝብ ቆጠራ ሂንድኮ የራሱ ቦታ ሳይሰጠው «ሌሎች» ከሚለው ተደመረ። በ2010 ደግሞ ክፍለ ሀገሩ «ካይበር ፓኽቱንኽዋ» ተብሎ በፓሽቱኖች ስም ሲጠራ፣ ብዙ ሂንድኮ ተናጋሪ በሚኖርበት በሐዛራ ተቃውሞ ተነሣ፤ በአቦታባድ ከተማም የሰው ሕይወት ጠፋ። ስም ተራ ነገር ነው የሚል ቢኖር ይህን ያስብ። በ2017 ቆጠራ ሂንድኮ በስሙ ተቆጠረ።

ዛሬ የፔሻዋር ልጅ በትምህርት ቤት ኡርዱና እንግሊዝኛ ይማራል፤ በመንገድ ፓሽቶ ይሰማል። የነገድ አለቃ የሌለው ሕዝብ ቋንቋውን የሚያቆይለት እናትና አባት በቤት የሚያወሩት ወሬ ነው። ከልዩ ልዩ ቤት መጥተን በአንድ ግቢ የምንኖር እኛ ተማሪዎችም ጓደኛችንን «ዘርህ ምንድን ነው?» ከማለታችን አስቀድሞ «እቤት በምን ቋንቋ ትጫወታላችሁ?» ብንለው ይበልጥ እናውቀዋለን።