በጽሑፍ ያለውም እንዳይረሳ



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን ተማሪዎቻችንን እናስተምራለን። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኘው የብራና ወንጌል ከ1300 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም ፊደል ለሚያውቅ ይነበባል። ዳሩ ግን ከሃያ ዓመት በፊት በኮምፒዩተር የጻፍነው አማርኛ አልነበብ አለ ብል አንባቢዎች ይደነቁ ይሆናል።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት 14 ፍሎፒ ዲስኮች ተገኙ። በውስጣቸው የቀድሞ ተማሪዎች ከከተማው ሽማግሌዎች እየጠየቁ የጻፉት የአገሩ ታሪክ ነበር። ከነገሯቸው ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት ያለ የለም፤ የወረቀቱም ቅጂ ጠፍቷል። ዲስኮቹ ሲከፈቱ በአማርኛው ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ስለ ወጣ፣ ያዩት ሁሉ «ተበላሽቷል፤ ይጣል» አሉ።

ነገሩ ግን እንዲህ አልነበረም። ኮምፒዩተር የሚያስቀምጠው የፊደሉን መልክ ሳይሆን የተሰጠውን ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. ለፊደላችን ቋሚ ቁጥር እስኪሰጥ ድረስ፣ የአማርኛ መጻፊያ ያዘጋጀ ባለሙያ ሁሉ ቁጥሩን በየራሱ ያድል ነበር። በዚያን ጊዜ አንድ ፎንት ከ256 የበለጠ ቦታ ስላልነበረው፣ አንዳንዱ ፊደላችንን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱም ፊደሉንና ቅጥያውን ለየብቻ ሠርቶ ገጣጠመው። ከ1999 በኋላም ብዙዎቻችን ለብዙ ዓመታት በዚሁ ልማድ ጻፍን። ስለዚህ ፎንቱ የሌለው ጽሑፍ ቁልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ነው እንጂ ባዶ አይደለም።

የፎንቱ ስም በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ስለ ነበር፣ ያንኑ ፎንት ከአንድ የጽሕፈት ቤት አሮጌ ኮምፒዩተር አግኝተን ጫንነው። የሽማግሌዎቹም ቃል ወዲያው ተነበበ። ከ14ቱ ዲስኮች 9ኙ ዳኑ፤ 5ቱን እርጥበት አጥፍቷቸዋል።

ይህ ችግር የአንድ ትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየአጥቢያውና በየቤቱ መሳቢያ እንዲህ ያለ ዲስክ አለ። ስለሆነም የሚከተለውን አሳስባለሁ። አሮጌ ዲስክና ኮምፒዩተር ሳይመረመር አይጣል። ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት በማዕዘኑ ያለችው መዝጊያ ተገፍታ ቀዳዳው ይከፈት፤ ያን ጊዜ ኮምፒዩተሩ በላዩ ሊጽፍበት አይችልም። አስቀድሞ ሙሉ ቅጂ ይወሰድ፤ ፎንቱም አብሮ ይቀመጥ። ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ማሽን የለወጠውን ግን ሰው መልሶ ያንብበው፤ ሀና ሐ፣ ሰና ሠ ሊቀያየሩ ይችላሉና። በመጨረሻም ቅጂው በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ቤተ መዛግብትና ዩኒቨርሲቲዎቻችንም የአሮጌ ፎንቶችን መለወጫ አሰባስበው ለሕዝብ ቢያድሉ ታላቅ ውለታ ይሆናል። ሶኒ ፍሎፒ ዲስክ መሸጡን በ2011 እ.ኤ.አ. አቁሟል፤ ማንበቢያውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ብራናው ታግሦ ጠብቆናል፤ ዲስኩ ግን አይታገሠንም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር