ከጨው ምድር መልስ

ዛሬ የምናጫውታችሁ ስለ አንድ አጭር ጉዞ ነው። ጉዞው በአንድ ሳምንት ተጠናቀቀ፤ ትምህርቱ ግን እስከ ዛሬ አላለቀልንም።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ነው። መምህርነት ከጀመርን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ቀን በመንግሥት ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ደግሞ በመስጊዳችን መድረሳ ልጆችን እናስተምራለን። የምንኖረው ወሎ ውስጥ ከእናታችን ጋር፣ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው። በግቢያችን አንዲት ቧንቧ አለች። ውሃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። እናታችን የቧንቧዋን ፉጨት ስትሰማ ከእንቅልፏ ትነሣና በርሜሉንና ጀሪካኖቹን ትሞላለች። እሷ ትቀዳለች፤ እኛ እንተኛለን።

አንድ ቀን ማለዳ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ልናደርግ ቧንቧውን ከፍተን ከጎረቤት ልጅ ጋር ወሬ ያዝን። ውሃው ይፈሳል፤ እኛ እናወራለን። እናታችን ወጣችና ቧንቧውን ዘግታ፣ «ልጄ፣ ይህ ውሃ እኮ እንቅልፌ ነው» አለችን። ማፈር ሲገባን ተቆጣን። «ውሃ ሌሊት የሚጠበቅበት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው የሚያፈስ፣ ይህ ደግሞ ቤት ነው?» አልናት። መልስ አልሰጠችንም። ዝም ብላ ገባች።

የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት የደረሰው በዚያው ሳምንት ነበር። አብሮን ቁርኣን የቀራ አንድ የልጅነት ጓደኛችን የአይሱዙ ሹፌር ነው። ከመቀሌ ወደ አፋር በረሃ ሸቀጥ አውርዶ ጨው ጭኖ ይመለሳል። «ና፣ የምታስተምረውን አገር በዓይንህ እይ» ሲለን ጊዜ አላጠፋንም። እናታችን ስንቅ ቋጥራ «አላህ በሰላም ይመልስህ» ብላ መረቀችን። ስለ ተናገርናት ቃል ግን እኛም ይቅርታ ሳንጠይቅ፣ እሷም ሳታነሣው ወጣን።

ቁልቁል ወደ ጨው ሜዳ

መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ ተነሥቶ በበርሃሌ በኩል ወደ ሐመድ ኢላ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ጠዋት ጋቢ የደረበ ሰው ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን መቋቋም ያቅተዋል። መንገዱ የሚያበቃው ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ሜዳ ላይ ነው። በአቅራቢያው በምትገኘው ዳሎል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ የተመዘገበው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ይህን ቁጥር ስንት ጊዜ በጠመኔ ጽፈነዋል! ጠመኔ ግን አያልብም።

ሜዳው እስከ ዓይን ማብቂያ ድረስ ጨው ነው። በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውሃ ወደዚህ ረባዳ ገብቶ ነበር፤ ከባሕሩ ሲቆረጥ ውሃው ተንኖ ጨው ብቻ ቀረ። ሠራተኞች ጨዉን በእንጨት ፈንቅለው ያነሣሉ፤ ሌሎች ቁጢጥ ብለው በመጥረቢያ መሰል መሣሪያ አራት ማዕዘን አድርገው ይጠርቡታል። ከዚያ በግመልና በአህያ ተጭኖ ወደ በርሃሌ ይወጣል። መኪና ከገባ ወዲህ የግመሉ ሰልፍ እየሳሳ ቢሄድም ያኔ ገና ብዙ ነበር። አያቶቻችን ገበያ የሚገበያዩበት አሞሌ ከዚህ ምድር የወጣ ነው። እኛም ወጣችን ላይ ጨው ስንነሰንስ ከጀርባው ያለውን ላብ አስበን እንደማናውቅ ያን ቀን ገባን።

በመንገድ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። ከበርሃሌ በታች ባለው ጠመዝማዛ የውሃ ጀሪካናችን ተገልብጦ ክዳኑ ተከፈተ። ስንደርስ የቀረን አንዲት ኮዳ ብቻ ነበረች።

ትንሿ ጀሪካን

ጓደኛችን ሁልጊዜ የሚያርፍባቸው አንድ የአፋር አባት አሉ። ቤታቸው ከእንጨትና ከሰሌን የተሠራ ነው፤ ለእንግዳ የሚሆን ጠፍር አልጋ በደጃፉ ተዘርግቷል። ሰላምታው እንዳለቀ «ደጉ» ተጀመረ። ደጉ የአፋር ሕዝብ የወሬ ሥርዓት ነው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆም ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይለዋወጣሉ። እኚህም አባት በጓደኛችን አስተርጓሚነት ጠየቁን። ዝናብ የት ጣለ? ሣር የት አለ? የታመመ አለ? የሞተ አለ? በዚያ ዓመት በኤልኒኖ ምክንያት የመጣው ድርቅ አፋርን ክፉኛ ጎድቶት ስለነበር ጥያቄው ለጨዋታ አልነበረም።

የሶላት ሰዓት ደርሶ ነበርና ውዱእ እንደምንፈልግ ተናገርን። ዐሥር ዓመት የማይሞላት የልጅ ልጃቸው አንዲት ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አምጥታ ከፊታችን አስቀመጠች። እኛም ቤታችን እንደለመድነው እጃችንን እያፈሰስን ታጠብን፤ ፊታችንን ደጋግመን አራስን፤ ሙቀቱ ስላሰቃየን አንገታችንን ጨምረን፣ በመጨረሻም የተረፈውን እግራችን ላይ ገለበጥነው። ልጅቷ ጀሪካኗን ወሰደች። አንሥታ ስትነቀንቃት አየን። ምንም አላለችም።

መግሪብ ሲደርስ እኚያ አባት ከቤታቸው ጎን ሄደው ተንበረከኩ። ሁለት መዳፋቸውን ንጹሕ አፈር ላይ መቱ፤ ፊታቸውን አበሱ፤ እጃቸውን አበሱ። ከዚያ ቂብላ ዙረው ቆሙ። ተየሙም ነበር። የተየሙምን ክፍል በልጅነታችን ቀርተነዋል፤ ለልጆችም አስቀርተነዋል። ሰው ውሃ አጥቶ ሲያደርገው ግን በዓይናችን ስናይ የመጀመሪያችን ነበር።

ሌሊት ጠፍር አልጋው ላይ ተጋድመን ሳለ ጓደኛችን ነገሩን ገለጠልን። «ያ ውሃ የቤቱ ውሃ ነበር። ልጅቷና እናቷ ጎሕ ሳይቀድ ሄደው ነው ያመጡት። ለማታ የቀራቸው ጀበና የምታህል ብቻ ናት፤ እሷም ለመጠጥ ናት» አለን። «ለምን አልነገርከንም?» ስንለው፣ «እሳቸው እንግዳ ነው፣ ተወው ብለው ከለከሉኝ» አለ።

ያን ሌሊት ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ነበር፤ እኛ ግን በኀፍረት ተከናንበን አደርን። የተየሙም ፍቃድ የወረደው ራሱ በጉዞ ላይ ነው። የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንገት ጌጥ ጠፍቶ ሰዉ እሱን ሲፈልግ ውሃ በሌለበት ቦታ አደሩ፤ አላህም (ሱ.ወ.) ለኡመቱ ይህን ቀላል መውጫ ሰጠ። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) ውዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ ውሃ መሆኑን አነስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ሙድ ማለት የአንድ መካከለኛ ሰው ሁለት እፍኝ ነው፤ ወደ ሊትር ስንመልሰው አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ማወቅና መቅመስ ግን ይለያያሉ።

«እንግዲያ ከዚያ ቤት ምን አወጣህ?»

በማግሥቱ አባታችንን «አፉ በሉን» አልናቸው። ፈገግ አሉና ጥያቄያቸውን ወደ ቤታችን አዞሩት። «እናትህ በሕይወት አለች?» አዎ። «ውሃዋ ሩቅ ነው?» አይደለም፣ በግቢያችን ውስጥ ነው። ጓደኛችን በትክክል መተርጎሙን ተጠራጥረው ደግመው ጠየቁት። በግቢ ውስጥ? በግቢ ውስጥ። «ማሻአላህ! እንግዲያ ከዚያ ቤት ምን አወጣህ?» አሉን።

እኛም በተራችን፣ «እርስዎስ ይህን የእሳት አገር ለቀው ለምን ወደ ደጋ አይወጡም?» ብለን ጠየቅናቸው። አንድ ጊዜ መቀሌ ወጥተው እንደነበር ነገሩን። ሁለት ሌሊት አድረዋል። ብርዱ አጥንታቸውን በላው፤ ግንቡ ሰማዩን ከለከላቸው፤ ከጎረቤት ደጉ የሚጠይቃቸው አጡ። በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። «አባቴ የተቀበረው እዚህ ነው። ግመሎቼ የሚያውቁት ይህን ነው። አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ መልስ ከውሃው ይልቅ አሳፈረን። በርቀት ያለውን ሰው አይተን «እኛ እንሻላለን» ብለን መመለስ ቀላል ነው። እኛ ሩቅና ጠፍ ያልነው አገር ግን ለእኚህ አባት ቤት ነው፤ ያውም የሚመሰገንበት ቤት። እሳቸው ጀበና በምታህል ውሃ ሲያመሰግኑ፣ እኛ በርሜል ሙሉ ውሃ አጠገብ ቆመን «ይህ ደግሞ ቤት ነው?» ብለናል። የጎደለው ሹክራችን እንጂ ቤታችን አልነበረም።

መልስ

ጉዞ መብልን፣ መጠጥንና እንቅልፍን ስለሚያጓድል ጉዳዩን የፈጸመ ሰው ወደ ቤተሰቡ ለመመለስ እንዲቻኮል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መክረዋል። እኛም ቸኮልን። እሳቸው ከጉዞ ሲመለሱ መጀመሪያ መስጊድ ገብተው ሁለት ረከዓ ይሰግዱ ነበርና፣ ከአውቶቡስ እንደወረድን በሰፈራችን መስጊድ ሰገድን። ውዱእ ስናደርግ ቧንቧውን እንደ ክር አቀጠንነው።

እናታችን መምጣታችንን በስልክ ሰምታ ስለነበር ውሃ አሙቃ፣ ሳፋ አስቀምጣ ጠበቀችን። «አቧራህን ታጠብ፤ ለአንተ ብዬ ሁለት ጀሪካን አስቀርቻለሁ» አለች። አላስቻለንም። «እማዬ፣ አፉ በይኝ» አልናት። «ለምኑ ነው ልጄ?» «ቤት አይደለም ላልኩሽ።» ጥቂት ዝም አለችና፣ «እኔ አፉ ብያለሁ። ጣሪያውን ግን ክረምት ሳይገባ ድፈንልኝ» አለች። ደፈንነው።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ መድረሳችን ውስጥ አንድ ልማድ ጀመርን። አንድ ተማሪ ቧንቧ ከፍቶ ውዱእ ሲያደርግ ከሥሩ ባልዲ አስቀመጥን፤ ባልዲው ከግማሽ በላይ ሞላ። ሌላው ከአንድ ሊትር ባነሰች የፕላስቲክ ጠርሙስ አደረገ፤ በቃችው፤ ተረፈችውም። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ጠርሙስ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ሙከራ ቤታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት፤ ከረጅም ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በርሃሌንና ሌሎች የሰሜን አፋር ወረዳዎችን አዳርሶ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ሲያፈናቅል፣ እኚያን አባትና ያችን ልጅ በዱዓችን አልረሳናቸውም። በዚያው ዓመት ጥቅምት እኛም እናታችንን ይዘን ቤታችንን ዘግተን ወጥተናል። በር ላይ ደርሰን ስንቻኮል እሷ ተመለሰች። ምን ረሳች ብለን ስናይ፣ ቧንቧው በደንብ መዘጋቱን እየፈተሸች ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተመለስን። ቤቱም ጠበቀን።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች፣ ሂዱ፣ የአላህን ምድር እዩ። ሩቅ አገር ስትደርሱ ግን በዚያ ያለውን ሰው እንደ ትዕይንት አትመልከቱት፤ ስለ ቤቱ ጠይቁት፤ እሱም ስለ ቤታችሁ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ የምትመልሱት መልስ የእናንተን ልክ ይነግራችኋል። ከቤት የምትወጡትም የቤቱን ሰው ሳታስቀይሙ፣ ካስቀየማችሁም አፉ አስብላችሁ ይሁን፤ ሁሉም መንገደኛ የመመለስ ዕድል አያገኝምና።

የእናታችን ጉልበት ዛሬ ደክሟል። ውሃው አሁንም በፈረቃ፣ አሁንም ሌሊት ይመጣል። ቧንቧዋ ስታፏጭ የምንነሣው ግን እኛ ነን። በርሜሉ እስኪሞላ አጠገቡ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፤ አንዳንዴም ያች ልጅ ባዶ ጀሪካኗን ስትነቀንቅ ትታወሰናለች።

አላህ (ሱ.ወ.) ያለንን ኒዕማ ሳይወሰድብን የምናውቅ፣ አውቀንም የምናመሰግን ያድርገን። አሚን።