የጭሰኛው ልጅ ወደ ከተማ ሄደ

ወደ ሲኒማ ቤት የሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሻው የቀኑን ድካም የሚያስረሳ ጨዋታ ነው። ነገር ግን ከማስረሳት ይልቅ የሚያስታውስ ፊልምም አለ። የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ ይህን ፊልም ያነሣነው ጂንካንና ደቡብ ኦሞን ስላሳሰበን ነው፤ ምክንያቱንም አንባቢያችን ዝቅ ብሎ ያገኘዋል።

ፊልሙ የተቀረጸው በ1966 ዓ.ም. ክረምት፣ የዘውዱ መንግሥት ሊወድቅ በተቃረበበት ወራት ነበር። አዘጋጁ ያን ጊዜ በአሜሪካ አገር የሲኒማ ተማሪ ነበሩ። በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አገራቸው መጥተው፣ በሁለት ሳምንት ያህል፣ በጥቁርና በነጭ ቀረጹት።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ጭሰኛ ከነቤተሰቡ የሰው መሬት ያርሳል። ባለርስቱ ከፍ ካለ ቦታ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይቈጣጠራል። የጭሰኛው ልጅ ወላጆቿ እንደ በሬ ተጠምደው ሲያርሱ በሕልሟ ታያለች፤ ኋላም ላም አድናለሁ ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። መሬቱን የተነጠቀውና ሰው ሁሉ እብድ የሚለው ከበበ ባለርስቱን ይገድላል። በመጨረሻም የጭሰኛው ወንድ ልጅ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ወደ ከተማ ይኰበልላል።

ባለርስትነት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። በመኪናው ላይ የተንጠለጠለው ልጅ ግን የት ደረሰ?

ጥያቄያችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ወደምትገኘው ጂንካ እንሂድ። በዚያ አካባቢ ያለው የአሪ ገበሬ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የገባርነትን ቀንበር ተሸክሞ የኖረ ነውና፣ የፊልሙ ታሪክ ቢነገረው ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ቈላ ሲወርዱ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ካራው፣ ሙርሲው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ሲጐድል በረጠበው ዳርቻ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 1870 ሜጋ ዋት ኀይል የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ለአገር ብርሃን የሚሰጠው ውሃ ሲገደብ፣ ያን እርሻ ያበቅል የነበረው ሙላት ቀርቷል። ከብቱም ማሳውም ያልበቃው ወጣት ዓይኑን ወደ ከተማ ቢያቀና ምን ይደንቃል?

በጂንካ የቅዳሜ ገበያ አሪው ቡናውንና ማሩን ይዞ ይመጣል፤ ሙርሲውም ከሩቅ ይመጣል። ከቈላ የመጣው ወጣት የከተማውን ቋንቋ ገና አልለመደም። አገር ጐብኚው ገንዘብ ከፍሎ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ስሙን ግን አይጠይቀውም። በሰው መካከል ብቸኛ መሆን ማለት ይህ ነው።

ካሜራ ለደቡብ ኦሞ እንግዳ አይደለም። የኛው ፊልም በተቀረጸበት በዚያው በ1974 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፣ አሜሪካዊው ሮበርት ጋርድነር ስለ ሐመር ሕዝብ የሠራው «የአሸዋ ወንዞች» የተባለው ፊልም ለሕዝብ ታይቷል። ከውጭ የመጣ ሰው ጌጡንና ልማዱን ያያል፤ ጭንቁን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም ኀይሉ ከዚህ የመጣ ይመስለናል፤ ጭሰኛውን እንደ ትርዒት ሳይሆን እንደ ዘመድ ያያልና።

ደስ የሚያሰኘው፣ ኦሊሳራሊ ኦሊቡዪ የተባለ የሙርሲ ተወላጅ ራሱ ካሜራ አንሥቶ፣ በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከእንግሊዛዊ ባልደረባው ጋር የገዛ ሕዝቡን ኑሮ በፊልም አሳይቷል።

ዛሬ ጂንካ ዩኒቨርሲቲም ሙዚየምም አላት። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በዚያ ከተማ ለወጣቶች ቢታይ፣ ቀጥሎም ካሜራው ለነርሱ ቢሰጥ መልካም ነው እንላለን። ፊልሙ በመንገድ ላይ የተወውን ልጅ ታሪክ የሚጨርሱልን እነርሱ ናቸውና።