የበርበሬ ራስ፣ ወገብና ጅራት

ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ውስጥ፣ ገበዝ ማርያም ነው። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለው አገር ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማሳው በዛላ እንደሚቀላ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። አንድ ቀን በርበሬ ሲቀነጥሱ የዋሉ አክስቴ እጃቸውን በቅቤ እያሹ፣ «አንተ ልጅ፣ ይኸን ያህል ተምረህ የለ፤ ማቃጠሉን አውጥታችሁ ሕመም የሚያስታግሠውን ብቻ ማስቀረት አይሆንላችሁም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትልልቅ ላቦራቶሪዎች ለዓመታት የደከሙበት ነው።

የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ብዙ ሰው ፍሬው ውስጥ ያለ ይመስለዋል፤ የሚመረተው ግን ፍሬውን አቅፎ በያዘው ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። በስብ እንጂ በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ፣ አክስቴ እጃቸውን ከመታጠብ ይልቅ ቅቤ መቀባታቸው ልክ ነው። ካፕሳይሲን ፌኖል ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ማለትም ስድስት ካርቦኖች በቀለበት ተያይዘው፣ ከአንዱ ላይ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ተጣምረው ተንጠልጥለዋል። ለቅርንፉድ ሽታውን የሚሰጠው ዩጂኖልም የዚሁ ዘመድ ነው።

የሚያቃጥለን ለምን እንደሆነ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ካፕሳይሲን ሕመም በሚሰማ ነርቭ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን እንደሚከፍት አሳዩ። ይህ ፕሮቲን ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀትም ይከፈታል፤ ስለዚህ አንጎላችን በርበሬውን እሳት ነው ብሎ ይቀበለዋል። ጁሊየስ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። የወፎች ፕሮቲን ግን ለካፕሳይሲን ደንታ የለውም። ወፍ በርበሬ ለቅማ ዘሩን የምትበትነው ሳይቆጠቁጣት ነው።

ኬሚስቶች ሞለኪውሉን በሦስት ከፍለው ያዩታል፦ ራሱ የፌኖሉ ቀለበት፣ ወገቡ ናይትሮጅን ያለበት ማያያዣ፣ ጅራቱ ረጅም የካርቦን ሰንሰለት ነው። ሥራቸው አንዱን ክፍል ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተውና የሚሆነውን መለካት ነው። ራሱ ላይ ያለውን የፌኖል ሃይድሮጅን ሜቲል በሚባል፣ አንድ ካርቦን ባለው ቁራጭ ቢተኩት ኃይሉ ክፉኛ ይወድቃል። ኔልሰን የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1919 ጅራቱን እያስረዘመና እያሳጠረ ሲያነጻጽር፣ እጅግ የሚያቃጥለው ዘጠኝ ካርቦን ያለው ሆኖ አገኘው። ጅራቱ ከወይራ ዘይት በሚገኘው ረጅሙ ኦሌይክ አሲድ ሲተካ ደግሞ ኦልቫኒል የተባለ ውሁድ ይወጣል። ኦልቫኒል ያንኑ ፕሮቲን ይከፍታል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ስለሚከፍት የማቃጠል ስሜት አይሰጥም። በአይጦች ላይ ሲሞከር ሕመም ቀንሷል። አክስቴ የጠየቁት ነገር፣ ቢያንስ በላቦራቶሪ፣ ይቻላል ማለት ነው።

ከላቦራቶሪ እስከ መድኃኒት ግን ረጅም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1912 ስኮቪል የተባለ የመድኃኒት ባለሙያ የበርበሬን ኃይል የለካው በሰው ምላስ ነበር፤ የበርበሬውን ጭማቂ በስኳር ውኃ እያቀጠነ ቀማሾቹ ማቃጠሉ ጠፋ እስኪሉ ይቀጥል ነበር። ዛሬ አዲስ ውሁድ መጀመሪያ የሚሞከረው ያ ፕሮቲን ባለባቸው ሕዋሳት ላይ ነው፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ሲገባ የሚያበራ ቀለም መከፈቱን ያሳያል። ቀጥሎ መጠኑና ጉዳቱ በእንስሳት ይፈተሻል፤ ሰው ላይ የሚደረሰው በመጨረሻ ነው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ገደለ የተባለ ቅጠል ሁሉ መድኃኒት የማይሆነው ለዚህ ነው። ቁስል ላይ በርበሬ መነስነስም ሕክምና አይደለም።

ካፕሳይሲን ራሱ ግን ሳይለወጥ መድኃኒት ሆኗል። 8 በመቶ ካፕሳይሲን የያዘ ልጣፍ እ.ኤ.አ. በ2009 አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አግኝቷል። አልማዝ ባለጭራ ከዳነ በኋላ ለሚቀር የነርቭ ሕመም የጤና ባለሙያ ለ60 ደቂቃ ይለጥፈዋል። መጀመሪያ ያቃጥላል፤ ከዚያ በቆዳው ውስጥ ያሉት የነርቭ ጫፎች ለጊዜው ሥራቸውን ስለሚያቆሙ ሕመሙ ለሳምንታት ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው በርበሬውም ዘይቱም ከእጃችን ስላለ ነው። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህም እንደ ኦሌይክ ረጅም ሰንሰለት ነው። ሊፔዝ የሚባል ኢንዛይም ዘይትንና የካፕሳይሲንን ራስ ከናይትሮጅኑ ጋር የያዘውን ቫኒሊላሚንን ማያያዝ እንደሚችል ተረጋግጧል። ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ የኬሚስትሪ ተማሪ የሚያስመርቁ ዩኒቨርሲቲዎች አሉን። የኑግ ጅራት ያለው ውሁድ ምን እንደሚያደርግ ጎጃም ውስጥ ሠርቶ መለካት ለመመረቂያ ጥናት የሚመጥን ሥራ ነው። ያሰብነው ባይሳካ እንኳ የትኛው ለውጥ ምን እንዳስከተለ በቁጥር ተመዝግቦ ከተቀመጠ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ ከዚያ ይነሣል። ገበሬያችን ዛላውን በኩንታል ይሸጣል፤ ስለ ዛላው የሚታወቀውንም ከሌላ አገር መጠበቅ የለብንም።