የተጓዳኝና የተመራማሪ መምህራን ሹመትና መብት፦ ከይፋት ቆላ አንጻር

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወደ ሸዋሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ከ100 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ ጉዞ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። ደጋው ገብስና ባቄላ የሚዘራበት፣ ውርጭ የሚፈራበት አገር ነው፤ ቆላው ማሽላና ማሾ፣ በመስኖም ሽንኩርት የሚለማበት፣ ወባ የሚፈራበት ነው። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ቤተ መጻሕፍት የሚገኙት በደጋው ላይ ነው። የቆላውን ሰብልና በሽታ በየዕለቱ የሚከታተሉት ባለሙያዎች ግን በምርምር ማዕከል፣ በጤና ተቋምና በወረዳ የግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በአንድ የትምህርት ክፍል ውስጥ በምን ማዕረግ ሊሾሙ እንደሚችሉና ሹመቱ ምን መብት እንደሚያስገኝ ማብራራት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

በቅድሚያ ሁለቱን ስያሜዎች መለየት ያስፈልጋል። በተለምዶ አድጀንክት የሚባለው ተጓዳኝ መምህር ዋና ሥራውና ደመወዙ በሌላ መሥሪያ ቤት ሆኖ፣ ለተወሰነ ጊዜና ለተወሰነ ተግባር በትምህርት ክፍሉ የሚሾም ነው። ተመራማሪ መምህር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የራሱ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከሥራ ጊዜው ትልቁን ድርሻ በማስተማር ፈንታ በምርምር ያሳልፋል። አንዳንድ ሰው ተጓዳኝ ለማለት «ተባባሪ ፕሮፌሰር» ሲል ይሰማል፤ ይህ ስሕተት ነው። ተባባሪ ፕሮፌሰር ከረዳት ፕሮፌሰር በላይ፣ ከፕሮፌሰር በታች ያለ መደበኛ የዕድገት ደረጃ እንጂ የቅጥር ዓይነት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ አድጀንክት ሲባል ብዙውን ጊዜ በኮርስ ተከፍሎት የሚያስተምርና ቋሚ ሥራ ያላገኘ መምህር ይታሰባል። በእኛ አገር ጉዳዩ ከዚህ የተለየ ነው፤ የእኛው ተጓዳኝ ሥራ አላጣም፣ ያጣው በትምህርት ክፍሉ ውስጥ ሕጋዊ ቦታ ነው።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011፣ እንደ ቀዳሚው አዋጅ ቁጥር 650/2001 ሁሉ፣ ስለ አካዳሚክ ሠራተኞች መብትና ግዴታ መሠረቱን ጥሎ ዝርዝሩን ለየተቋሙ የሴኔት ደንብ ይተወዋል። በመሆኑም የሹመቱ ሥርዓት ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። በጥቅሉ ግን ጥያቄው ከትምህርት ክፍሉ ጉባኤ ይመነጫል፤ የዕጩው የትምህርት ማስረጃና የታተሙ ሥራዎች ተመርምረው ወደ ኮሌጁ አካዳሚክ ኮሚሽን ያልፋሉ፤ እንደ ማዕረጉ ከፍታም ወደ በላይ አካል ይቀርባሉ። ለተጓዳኙ አንድ ተጨማሪ ሰነድ ያስፈልጋል፤ እርሱም የዋናው መሥሪያ ቤት የፈቃድ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ባለሙያው በሳምንት ስንት ሰዓት ለዩኒቨርሲቲው ሊሰጥ እንደሚችል ካልገለጸ፣ በመኸር ወራት በሁለት አለቆች መካከል የሚጨነቀው እርሱ ራሱ ነው።

መብትን በሚመለከት ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ተመራማሪ መምህር መደበኛ የአካዳሚክ ሠራተኛ እንደ መሆኑ የደረጃ ዕድገትና የምርምር ፈቃድ ይጠይቃል፣ በጉባኤ ድምፅ ይሰጣል። ተጓዳኙ ጡረታውም ዕድገቱም ከዋናው ቀጣሪው ጋር ስለሆነ እነዚህን አይጠብቅም። የሚከፈለውም በሰዓት ወይም በኮርስ የተተመነ አበል ነው። በክፍያው ላይ ብዙ ማለት አያሻም፤ የሚያወዛግበው ሌላ ነው።

ማሾን እንውሰድ። ይህ ሰብል ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳል። እሸቱ እኩል ስለማይበስልም በአንድ ጊዜ አይታጨድም፣ ተመላልሶ ይለቀማል። ስለዚህ በሸዋሮቢት ዙሪያ የማሾን ዝርያዎች ለማወዳደር መደብ ያዘጋጀ የማስተርስ ተማሪ የአበባውን ቀን፣ የተባዩን ጉዳትና የየልቅሚያውን ምርት በወቅቱ መመዝገብ አለበት። በአንዱ ሳምንት ያመለጠው መረጃ በሚቀጥለው ሳምንት አይገኝም። ደጋ ላይ ያለው አማካሪ በወቅቱ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ቢወርድ ነው። መደቡን ሲያስተካክል፣ ቅጹን ሲያርም፣ «ይህ በሽታ አይደለም፣ የውኃ እጥረት ነው» ብሎ ሲያስተምር የሚከርመው በቦታው ያለው የምርምር ባለሙያ ነው። የወባ ጥናትም እንዲሁ ነው። በሽታው ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር በሚበረታበት ወቅት ደጋ ላይ ትምህርት ስለሚጀመር የዩኒቨርሲቲው አማካሪ ከክፍል አይወጣም። በኅዳር 2014 እንደሆነው ጦርነት ሸዋሮቢት ሲደርስና መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከላይ ወደ ታች መውረድ ጨርሶ አይታሰብም።

የመመረቂያ ጽሑፉ ሲጠረዝ ግን ሹመት የሌለው ባለሙያ በማጽደቂያው ገጽ ላይ ሊፈርም አይችልም፤ ስሙ የሚገኘው ምስጋና በሚለው ገጽ ነው። ከጽሑፉ የጆርናል መጣጥፍ ሲወጣም የደራሲነት ቦታው በሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ ይወድቃል። በእኔ አስተያየት የተጓዳኝነት ሹመት ዋና ፋይዳው ይህን ማስተካከሉ ነው፦ በአማካሪነት የመፈረም፣ በመከላከያው ዕለት የመቀመጥና የመጠየቅ፣ በመረጃው ባለቤትነትና በደራሲነት ላይ አስቀድሞ የመስማማት መብት። የቤተ መጻሕፍትና የቤተ ሙከራ አገልግሎት፣ የመታወቂያና የኢሜይል አድራሻም ከዚሁ ጋር ይሰጣሉ። እነዚህ ትንሽ ቢመስሉም ለክፍያ ብቻ የሚከፈቱ ጆርናሎችን ሸዋሮቢት ላይ ሆኖ ማንበብ የሚቻለው በእነርሱ ነው። መብቱ ግዴታም አለው። የፈረመ ሰው ለመረጃው ትክክለኛነት ተጠያቂ ይሆናል፤ የተመሰገነ ሰው ግን አይጠየቅም።

ይህ ዓይነቱ ትስስር ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. ገደማ የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ተመራማሪዎች ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በአማካሪነት ሲያገለግሉ ኖረዋል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ምርምርን ዋና ሥራው ያደረገ ተቋም ምን ሊያፈራ እንደሚችል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያሳያል። ይፋትም ከዚህ ተጠቅሟል። የታሪክ ተመራማሪው አህመድ ሀሰን ኡመር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የይፋት ንግድና ስለ ዓልዩ አምባ ያጠኑ ሲሆን ተቋሙንም በዳይሬክተርነት መርተዋል። የውጭ አገር አርኪዮሎጂስቶችም በኖራና በአስበሪ ያሉትን የመካከለኛው ዘመን የእስልምና ከተሞች ፍርስራሽ አጥንተዋል። ተቋሙ ለውጭ ተመራማሪ የተባባሪነት ደብዳቤ ይሰጣል፤ ማን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜና ለምን ጥናት እንደመጣ በደብዳቤው ይታወቃል። ከባሕር ማዶ ለሚመጣ ሰው ይህን ያህል የጠራ ሥርዓት ካበጀን፣ በጣርማ በር በኩል ለሚመጣው ማበጀት አስቸጋሪ ሊሆን አይገባም።

የቀረው የዘመኑ ርዝመት ጉዳይ ነው። የተጓዳኝነት ውል የአንድ ዓመት ሆኖ በየዓመቱ እንዲታደስ ማድረግ ለአስተዳደር ይመቻል፤ ከሰብሉ ጋር ግን አይገጥምም። በጥቅምት የተመዘገበ የማስተርስ ተማሪ የመጀመሪያውን ዓመት በኮርስ ያሳልፋል፣ ማሾውን በሐምሌ ይዘራል፣ በመስከረምና በጥቅምት ይለቅማል። ከምዝገባው ጋር የተፈረመ የአንድ ዓመት ውል የሚያበቃው በዚሁ በልቅሚያው ሰሞን ነው። ትንተናውና ጽሑፉ ገና ሳይጀመሩ አማካሪው ወደ ተመስጋኝነቱ ይመለሳል። ውሉ በቀን መቁጠሪያ ፈንታ ተማሪው ጽሑፉን እስኪከላከል ድረስ የሚጸና ቢሆን አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ብቻ ይበቃል።