ልጁ የፈራው ውሻውን ሳይሆን እኛን ነበር

ከመግሪብ በኋላ ሻይ ሲጣድ፣ ልጆች ደብተራቸውን ምንጣፍ ላይ ዘርግተው ሲያጠኑ፣ ድመቷም ከመካከላቸው ተጠቅልላ ስትተኛ ማየት ገንዘብ የማይገዛው ደስታ ነው። አንድ ምሽት ግን ይህ ደስታችን ደፈረሰ። ትንሹ ልጃችን እግሩን ከጋቢው ሥር ደብቆ አላወጣም አለ። እህቱ ገልጣ ብታየው ጥርስ የበሳው ቁስል ነው። ከመድረሳ ሲመለስ የጎረቤት ቡችላ ነክሶት ኖሯል። «ለምን አልነገርከንም?» ብንለው «ትመቱኛላችሁ ብዬ» አለን።

አያቱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠን እንድንቀባው አዘዙ። እህቱ ግን «አይሆንም እማማ፤ መጀመሪያ በሳሙናና በብዙ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ትምህርት ቤት ተምረናል» ብላ ወደ ቧንቧው ወሰደችው። እኛም ከልጃችን ተማርን። ወዲያው ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ጀመረ። ቡችላው ታስሮ 10 ቀን ተጠበቀ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ሆነ።

ውድ አንባቢያን፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከምልክቱ በፊት ግን መከላከል ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1885 ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመቱን ጆሴፍ ማይስተርን ከትቦ ልጁ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ ወደ እንስሳቱም ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1978 በስዊዘርላንድ በዶሮ ጭንቅላት ውስጥ የተደረገ ክትባት በየሜዳው ተጥሎ ቀበሮዎች እየበሉት ተከተቡ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች እጅግ የሚበዙት በውሻ ንክሻ የተያዙ ናቸው፤ ከሟቾቹም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ የግቢያችሁን ውሻ፣ የቤታችሁንም ድመት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ አስከትቡ፤ ድመትም በሽታውን ታስተላልፋለችና። የተጠማ ውሻ አጠጥቶ ምሕረት ያገኘውን ሰው ታሪክ ለልጆቻችን እንነግራለን። እንስሳውን ማስከተብም ከዚያው እዝነት የሚቆጠር ነው፤ እርሱንም ልጆቻችንንም ያድናል።

ከሁሉ በላይ ግን ያ ምሽት ያስተማረን ሌላ ነገር ነው። ቁስሉን ከእኛ የደበቀው ቁጣችን ነበር። እህቱ ባታየው ኖሮ ሌሊቱ እንዲሁ ያልፍ ነበር፤ ምናልባትም ሳምንታት። እስቲ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ሰብስቡና «ውሻ ወይም ድመት ቢነክሳችሁ፣ ቢቧጭራችሁም፣ ሮጣችሁ ንገሩን፤ ማንም አይመታችሁም» በሏቸው። ቃላችሁንም ጠብቁ።